የመጀመሪያ ካልሲዎን በእጅ ሲሠሩ፦ ክሩን፣ መርፌውን፣ አቅጣጫውንና ተረከዙን እንዴት ይምረጡ?

በሁለት መርፌ አንድ ሻርፕ ሠርቶ የጨረሰ ሰው ለካልሲ የሚሆን እጅ አለው። ካልሲ የሚጠይቀው ዓይን መጫን፣ የፊት ዓይንና የኋላ ዓይን መሥራት፣ ሁለት ዓይን አንድ ላይ ይዞ መቀነስ ብቻ ነው። ጀማሪ የሚሰናከለው ብዙውን ጊዜ ገና ክር ሳይጨብጥ ነው። ቀጭን ክር ወይስ ወፍራም? አጫጭር መርፌዎች ወይስ ባለ ገመድ? ከአፍ ወደ ጣት ወይስ ከጣት ወደ አፍ? ተረከዙስ በየትኛው መንገድ ይዙር? ሁሉም መንገድ ደህና ካልሲ ያወጣል። ለመጀመሪያ ጊዜ ግን ሁሉም እኩል አይደሉም። እዚህ የምንመዝናቸው በአንድ ጥያቄ ነው፦ ሲሳሳቱ ስህተቱ ወዲያው ይታያል? ሳይፈርስስ ይታረማል?

ስለ ቃላቱ ትንሽ እንበል። «ዓይን» የምንለው በመርፌው ላይ የተንጠለጠለውን እያንዳንዱን ቀለበት ነው። የፊት ዓይን ከፊት ሲታይ የሹሩባ ጉንጉን ይመስላል፤ የኋላ ዓይን ደግሞ ትንሽ ጉብታ ይሠራል። «ላስቲክ» የምንለው 2 የፊት፣ 2 የኋላ እየተፈራረቀ የሚሠራውን፣ የካልሲውን አፍ እግር ላይ የሚያጣብቀውን ክፍል ነው።

ክሩ፦ ቀጭን ወይስ መካከለኛ

በተለምዶ የካልሲ ክር የሚባለው ቀጭኑ ነው፤ 100 ግራሙ 400 ሜትር ገደማ ይሆናል። በ2.25 ወይም በ2.5 ሚሊ ሜትር መርፌ ሲሠራ በ10 ሴንቲ ሜትር ውስጥ 32 ያህል ዓይን ይይዛል፤ የአዋቂ ካልሲ በአንድ ዙር 64 ዓይን ይሆናል ማለት ነው። ጫማ ውስጥ በምቾት የሚገባው ይህ ነው። መካከለኛው ክር 100 ግራሙ 200 ሜትር አካባቢ ሲሆን በ3.5 ሚሊ ሜትር መርፌ በ10 ሴንቲ ሜትር 22 ዓይን ይሰጣል፤ አንድ ዙር 44 ዓይን። በዙሩም በርዝመቱም ቁጥሩ ስለሚያንስ አንድ ቀጭን ካልሲ የመካከለኛውን እጥፍ ያህል ዓይን ይፈጃል።

ለመጀመሪያው መካከለኛውን ይያዙ። ምክንያቱ ቶሎ ማለቁ ብቻ አይደለም። ወፍራም ዓይን ይታያል፤ አንዱ ከመርፌ ቢያመልጥ በጣት ይዘው መልሰው ይሰቅሉታል። በ2.25 መርፌ ላይ ያመለጠ ዓይን ግን እስኪያገኙት ሦስትና አራት ረድፍ ወርዶ ይጠብቅዎታል። የመካከለኛው ጉድለት ውፍረቱ ነው፤ ጠባብ ጫማ ውስጥ አይገባም፣ ለቤት ውስጥና ለሰፊ ቦት ጫማ ይሆናል። ለአንድ ጥንድ የአዋቂ ካልሲ 150 ግራም ከያዙ አይቸገሩም።

ከውፍረቱ ይልቅ የሚያስቆጨው የክሩ ዓይነት ነው። ሱፍ ሲለጠጥ ይመለሳል፤ ካልሲ እግር ላይ የሚቆየው በዚህ ነው። ጥጥ ይለጠጣል፣ ግን አይመለስም፤ ጠዋት ልክ የነበረው ካልሲ ማታ ቁርጭምጭሚት ላይ ተጠራቅሞ ይገኛል። አክሪሊክ ለልምምድ ይበቃል፤ ላብ ስለማይመጥ ግን እግርን ያረጥባል። ንጹሕ ለስላሳ ሱፍም ቢሆን ተረከዙ ላይ ቶሎ ይበላል። ስለዚህ ከ20 እስከ 25 በመቶ ናይለን የተቀላቀለበት ሱፍ ይፈልጉ። በመካከለኛ ውፍረት ናይለን ያለው ካላገኙ ጠበቅ ተደርጎ የተገመደ ሱፍ ይውሰዱ፤ ላላ ብሎ የተፈተለው ገና በጥቂት ቀን ጸጉር ያወጣል።

ቀለሙ ፈካ ያለና አንድ ዓይነት ይሁን። ጥቁር ላይ ዓይን መቁጠር ለለመደ ሰውም አድካሚ ነው።

መርፌው፦ አራቱን እንይ

ዙሩ ትንሽ ስለሆነ ካልሲ በተራ ረጅም መርፌ በዙር አይሠራም። ያሉት መንገዶች አራት ናቸው፤ ሰውን በጣም የሚያከራክረውም ይህ ምርጫ ነው።

የመጀመሪያው ሁለቱም ጫፋቸው የሾለ አምስት አጫጭር መርፌዎች ናቸው። 44ቱ ዓይን 11 እየሆነ በአራቱ ላይ ይከፈላል፤ አምስተኛው ይሠራል። ሲያዩት ጃርት የያዙ ይመስላል፤ የሚሠሩት ግን ሁልጊዜ ሁለት መርፌ ብቻ ናቸው፣ ሌሎቹ ተንጠልጥለው ይጠብቃሉ። ይህ ከገባዎት ፍርሃቱ ይለቃል። ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር የሚረዝም የቀርከሃ ወይም የእንጨት መርፌ ይምረጡ፤ ብረት ያንሸራትታል፣ ባዶውን መርፌ ሲያወጡ ጎረቤቱም አብሮ ሊወድቅ ይችላል። ችግሩ ከመርፌ ወደ መርፌ በሚሻገሩበት ቦታ ላይ የሚታየው መሰላል ነው፤ አንዱ መርፌ ጨርሶ ሌላው በሚጀምርበት ቦታ ክሩ ይላላና ከላይ እስከ ታች የሳሳ መስመር ይወጣል። ብዙ ሰው የመጀመሪያውን ዓይን በኃይል ይጎትታል። የሚሠራው ግን ሁለተኛውን ከሠሩ በኋላ መጎተት ነው፤ ያኔ የመጀመሪያው ዓይን ይቆለፋል። ያም ካልበቃ በየጥቂት ዙሩ ሁለት ዓይን ከአንዱ መርፌ ወደ ሚቀጥለው ያሻግሩ፤ መጋጠሚያው ቦታ ስለሚቀይር መሰላሉ አንድ መስመር ላይ አይከማችም።

ሁለተኛው ከ80 እስከ 100 ሴንቲ ሜትር ገመድ ያለው አንድ መርፌ ነው። ዓይኖቹ 22 እና 22 ሆነው ለሁለት ይከፈላሉ፤ ትርፉ ገመድ በመካከላቸው እንደ ቀለበት ይወጣል። የፊተኛውን ግማሽ ለመሥራት የኋለኛው ዓይኖች ገመዱ ላይ ይወርዳሉ፣ የኋለኛው መርፌ ይሳባል፣ በእሱ ይሠራል፤ ከዚያ አዙሮ ሁለተኛውን ግማሽ እንዲሁ። መጋጠሚያው ሁለት ብቻ ነው፤ ዓይንም ከመርፌ አያመልጥም። አንዱ ግማሽ የእግር ላይኛው፣ ሌላው የውስጥ እግርና የተረከዝ ስለሆነ ግማሾቹን አያምታቱም። ካልሲውን እግር ላይ አጥልቆ ለመለካትም የሚመቸው ይህ ነው። ምርጫው ግን በገመዱ ይወሰናል። ደረቅና የተጠማዘዘ ገመድ እልህ ያስይዛል፤ ሙቅ ውኃ ውስጥ ለጥቂት ደቂቃ ነክረው በእጅ ቢዘረጉት ይለዝባል። ገመዱ ከመርፌው የተጋጠመበትን ቦታ በጥፍርዎ ይዳስሱት፤ ጥፍር የሚያስቆም ከሆነ ክርም ያስቆማል።

ሦስተኛው ከጫፍ እስከ ጫፍ 23 ሴንቲ ሜትር የሆነው ትንሹ ባለ ገመድ መርፌ ነው። ካልሲው ሳይከፈል ዙሪያውን ይዞራል፤ መሰላል የለም፣ ፍጥነትም አለ። ነገር ግን የመርፌው ጫፎች በጣም አጭር ስለሆኑ እጅ ይደክማል። ጣቱ ጋር ሲደርሱ ዓይኑ ስለሚያንስ አይዞርም፤ ወደ አንደኛው ወይም ወደ ሁለተኛው መንገድ መቀየርዎ የማይቀር ነው። ለጀማሪ ብቸኛ መሣሪያ ሊሆን አይችልም። 30 ሴንቲ ሜትሩን ደግሞ ለካልሲ አይግዙት፤ 20 ሴንቲ ሜትር ዙሪያ ያለውን ሥራ ከአቅሙ በላይ ይወጥረዋል።

አራተኛው በሁለት ተራ መርፌ ጠፍጣፋ ሠርቶ መስፋት ነው። በዙር መሥራት ጨርሶ ለማይደፍር ሰው መውጫ ነው፤ ስፌቱ ግን ይቆረቁራል። የቤት ውስጥ ሽፋን ከሆነ ስፌቱን ከውስጥ እግር አርቀው ወደ ጎን ቢያወጡት ያገለግላል።

የእኛ ምርጫ? በሁለተኛውና በመጀመሪያው መካከል ከሆኑ ረጅሙን ገመድ ይውሰዱ። አጫጭር መርፌዎች ቤት ውስጥ ካሉ ግን አዲስ ነገር ለመግዛት ምክንያት የለም።

ቁጥሩን ከእግርዎ ያውጡ

የእግርዎን ሰፊውን ቦታ፣ ከጣቶቹ ሥር፣ ዙሪያውን ይለኩ። 23 ሴንቲ ሜትር ሆነ እንበል። ካልሲ ከእግር 10 በመቶ ያህል መጥበብ አለበት፤ ልክ ከሆነ ይሰበሰባል። 23 በ0.9 ሲባዛ 20.7 ይሆናል። በ10 ሴንቲ ሜትር 22 ዓይን ካለዎት፣ በአንድ ሴንቲ ሜትር 2.2 ማለት ነው፤ 20.7 በ2.2 ሲባዛ 45.5። ላስቲኩ 2 በ2 ስለሆነ ለ4 የሚካፈል ቁጥር ያስፈልጋል፤ ቅርቡ 44 ነው።

የመሞከሪያ ቁራጩን ሳይሠሩ ወደዚህ ስሌት አይግቡ። 10 በ10 የሚበልጥ ቁራጭ ሠርተው፣ አጥበው፣ ካደረቁ በኋላ መሐሉን ይለኩ። በተራ መርፌ ወዲያ ወዲህ የሠሩት ቁራጭ በዙር ከሚሠሩት ሊለይ ይችላል፤ የብዙ ሰው የኋላ ዓይን ይላላልና። ስለዚህ ካልሲው 5 ሴንቲ ሜትር ከደረሰ በኋላ እንደገና ይለኩት። 24 ዓይን ከወጣልዎት ጠብቋል፣ 20 ከሆነ ላልቷል፤ ቁጥሩን ከማስተካከል በፊት መርፌውን በ0.25 ሚሊ ሜትር ከፍ ወይም ዝቅ ያድርጉ። የላላ ካልሲ ቶሎ ስለሚበላ የዓይኑን ቁጥር በመቀነስ አይሸፍኑት።

ከአፍ ወደ ጣት ወይስ ከጣት ወደ አፍ

ከአፍ ሲጀመር 44 ዓይን ይጫናል፣ ከ4 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ላስቲክ ይሠራል፣ እስከ ተረከዝ በቀጥታ ይወረዳል። አጀማመሩ የሚያውቁት ዓይነት ስለሆነ እስከ ተረከዙ ድረስ እጅዎ በዙር መሥራትን ይለምዳል። ከጣት ሲጀመር ከ16 ዓይን፣ በሁለት መርፌ ላይ ጎን ለጎን ከተጠመጠመ ክር ይነሣል፤ ለጀማሪ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ዙሮች መርፌው በእጁ ላይ የሚገለባበጥባቸው ናቸው። ጥቅሙ ክሩ እስኪያልቅ ድረስ እግሩን ማስረዘም መቻሉና የመጨረሻ ስፌት አለመኖሩ ነው። ክር ማነስ የሚያሳስብዎት ከሆነ ይህ ትክክለኛው ነው። ግን አንድ ወጥመድ አለው፦ አፉ መጨረሻ ላይ ይዘጋል፣ ጀማሪም አጥብቆ ይዘጋዋል። ካልሲ ሲጠልቅ አፉ ማለፍ ያለበት ከተረከዝ ጫፍ እስከ እግር መታጠፊያ ያለውን፣ ከሌላው ሁሉ የሚበልጠውን ዙሪያ ነው። የጠበቀ አፍ እዚያው ይቆማል። ከአፍ ሲጀምሩም ይኸው ችግር አለ፤ ግን ገና አምስት ሴንቲ ሜትር ሠርተው ሞክረው ያውቁታል፣ የሚያፈርሱትም ያችኑ ነው። ከአፍ ይጀምሩ የምንለው በዚህ ነው። ዓይኑን ሁለት መርፌ አንድ ላይ ይዘው ቢጭኑት አፉ ላላ ይላል።

ዙሩን ከመግጠምዎ በፊት ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው የተጫነው ጠርዝ በሙሉ ወደ ውስጥ መመልከቱን ያረጋግጡ። አንድ ቦታ ተጠማዞ ከተጋጠመ በኋላ ማረሚያ የለውም፤ ከመጀመር በቀር።

ተረከዙ፦ እዚህ ላይ ቆም እንበል

ሦስት መንገዶች በብዛት ይሠራሉ። የመጀመሪያው ተረከዙን በቁራጭ ወርዶ፣ ከሥር አዙሮ፣ ከጎኑ ዓይን አንሥቶ መቀነስ ነው። ሁለተኛው በአጭር ረድፍ፣ ሳይደርሱ እየተመለሱ የሚሠራው ነው። ሦስተኛው ካልሲው ካለቀ በኋላ ቀዳዳ ከፍቶ የሚጨመረው ነው።

ሦስተኛውን በአጭሩ እንለፈው። ተረከዙ በሚመጣበት ቦታ 22 ዓይን በሌላ ቀለም ክር ይሠራና እንደገና በዋናው ክር ይደገማል። መጨረሻ ላይ ባዕዱ ክር ሲወጣ ከላይም ከታችም ክፍት ዓይን ይቀራል፤ ያ እንደ ጣት እየተቀነሰ ይዘጋል። ሲበላ አፍርሶ መተካት ይቻላል፣ ባለ ቀለበት ቀለም ክር ላይም መስመሩን አያበላሽም። ግን ካልሲው ከማለቁ በፊት ልኩን መሞከር አይቻልም፤ ለመጀመሪያው አይሆንም።

የአጭር ረድፉ ንጹሕ ይመስላል፣ ዓይን ማንሣትም የለውም። ከ22ቱ ላይ በየረድፉ አንድ እያጎደሉ መሐል 8 እስኪቀር ይሄዳሉ፣ ከዚያ አንድ በአንድ እየመለሱ ይመጣሉ። የሚያበላሸው ሁለት ነገር ነው። በየመታጠፊያው ክሩ ካልተጠበቀ ተርታ ቀዳዳ ይወጣል፤ ቀዳዳው የሚታየው ደግሞ ሁሉም ካለቀ በኋላ ነው። ሌላው ጥልቀቱ ነው፤ የእግር ጀርባቸው ከፍ ያለ ሰዎች ላይ ይስባል፣ ካልሲውም እየተንሸራተተ ከተረከዝ በታች ይገባል። ከግማሹ ፈንታ 26 ዓይን ላይ ቢሠራ ትንሽ ይሻላል።

የመጀመሪያው ረጅሙ ነው፤ ክፍሉም ብዙ ነው። እኛ ግን የምንመርጥልዎት እሱን ነው፤ እያንዳንዱ ክፍል ራሱን ይቆጥራል፣ ጥልቀቱንም በረድፍ ብዛት ማስተካከል ይቻላል። በ44 ዓይን እንዲህ ይሄዳል።

22 ዓይን ላይ ብቻ ወዲያ ወዲህ 22 ረድፍ ይሥሩ፤ ሌላው 22 ይጠብቃል። በየረድፉ የመጀመሪያውን ዓይን ሳይሠሩ ያሻግሩ። በፊት በኩል ባለው ረድፍ አንዱን አሻግሮ አንዱን መሥራት እስከ መጨረሻ፤ በኋላው ረድፍ ከመጀመሪያው በቀር ሁሉንም የኋላ ዓይን። እንዲህ ሲሠራ ቁራጩ ድርብ ይሆናል፤ ጫማ የሚበላውን ይቋቋማል። በጎንና በጎኑ 11 ትልልቅ ዓይን እንደ ሰንሰለት ተደርድሮ ካዩ ትክክል ሠርተዋል።

አሁን ማዞሩ። በፊት በኩል 13 ይሥሩ፣ ሁለቱን አንድ ላይ ወደ ግራ በሚያጋድል ቅነሳ ይቀንሱ (ሁለቱን አንድ በአንድ ለፊት ዓይን እንደሚገባ አሻግረው ከጀርባቸው አንድ ላይ መሥራት ነው)፣ 1 ይሥሩ፣ ይመለሱ። በመርፌው ላይ 6 ያልተሠራ ይቀራል። በኋላ በኩል 1 ያሻግሩ፣ 5 የኋላ ዓይን፣ ሁለቱን አንድ ላይ የኋላ፣ 1 የኋላ፣ ይመለሱ። በዚያኛውም ጎን 6 ቀርቷል። ከዚህ በኋላ ቁጥር መያዝ አያስፈልግም፤ የተመለሱበት ቦታ ክፍተት ሆኖ ይታያል። 1 አሻግረው ከክፍተቱ አንድ ዓይን እስኪቀር ይሥሩ፣ ከክፍተቱ ግራና ቀኝ ያሉትን ሁለቱን አንድ ላይ ይቀንሱ፣ 1 ይሥሩ፣ ይመለሱ። ሁሉም ሲያልቅ 14 ዓይን ይቀርዎታል። 13 ወይም 15 ከሆነ አንድ ቦታ ክፍተቱን ስተዋል፤ ከመቀጠል በፊት እስከዚያ ይፍቱት፤ ጥቂት ረድፍ ነው።

14ቱን በፊት በኩል ሠርተው ከጎኑ ሰንሰለት 11 ያንሡ፣ ማዕዘኑ ላይ አንድ ይጨምሩ፣ የሚጠብቀውን 22 ይሥሩ፣ በሌላው ጎን ማዕዘኑ ላይ አንድ፣ ከሰንሰለቱ 11። ድምሩ 60 ነው። የማዕዘኗ ጭማሪ የምትመጣው እዚያ የሚወጣውን ቀዳዳ ለመዝጋት ነው፤ የሚያነሡትን ክር ጠምዘዝ አድርገው ይሥሩት። ከዚያ በየሁለት ዙሩ፣ ከላይኛው ግማሽ በፊትና በኋላ አንድ አንድ ይቀንሱ። 8 ጊዜ ሲቀንሱ ወደ 44 ይመለሳሉ። ቅነሳው ከላይኛው ግማሽ በፊት ወደ ቀኝ የሚያጋድለው፣ ሁለቱን አንድ ላይ መሥራት ነው። ከግማሹ በኋላ ያለው ወደ ግራ የሚያጋድለው ነው፤ ሁለቱን ዓይን አንድ በአንድ ለፊት ዓይን እንደሚገባ አሻግረው ከጀርባቸው አንድ ላይ ይሥሩ። ቦታቸው ቢለዋወጥ ካልሲው አይበላሽም፤ መስመሩ ግን የተቆራረጠ ይመስላል።

ጣቱን መዝጋት

እግርዎ 24 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ካልሲው 23 ይበቃዋል። ጣቱ 4 ሴንቲ ሜትር ስለሚወስድ ከተረከዙ ጀርባ ጀምሮ 19 ሲደርስ መቀነስ ይጀምሩ። በእያንዳንዱ ግማሽ ዳርና ዳር፣ ከጠርዙ አንድ ዓይን ገባ ብለው፣ በአንድ ዙር በጠቅላላው 4 ዓይን ይቀንሱ። በየሁለት ዙሩ 5 ጊዜ ሲሆን 24 ይቀራል፤ ከዚያ በየዙሩ 2 ጊዜ፣ 16።

መዝጊያው ሁለት ነው። እስከ 8 ቀንሶ ክሩን በሁሉም ውስጥ አሳልፎ መሳብ ቀላል ነው፤ ጫፉ ላይ ግን ጉብታ ይቀራል፣ ጫማ ውስጥ ይሰማል። 8ቱን ከ8ቱ ጋር በስፌት መርፌ ማገጣጠም ጥቂት ደቂቃ ይፈልጋል፤ ከሌላው ረድፍ አይለይም። 30 ሴንቲ ሜትር ክር ተርፎ ይቆረጥ። መነሻው፦ ከፊተኛው መርፌ የመጀመሪያ ዓይን ለኋላ ዓይን እንደሚገባ ይግቡና ይተዉት፤ ከኋለኛው ለፊት ዓይን እንደሚገባ ይግቡና ይተዉት። ከዚያ የሚደጋገመው ይህ ነው፦ ፊተኛው ላይ የመጀመሪያውን ለፊት ዓይን እንደሚገባ ገብተው ያውጡት፣ ቀጣዩን ለኋላ ዓይን እንደሚገባ ገብተው ይተዉት፤ ኋለኛው ላይ የመጀመሪያውን ለኋላ ዓይን እንደሚገባ ገብተው ያውጡት፣ ቀጣዩን ለፊት ዓይን እንደሚገባ ገብተው ይተዉት። ክሩን እየሄዱ አያጥብቁ፤ ሁሉም ካለቀ በኋላ በመርፌ ጫፍ አንድ በአንድ ያስተካክሉት። መሐል ላይ አያቋርጡ፤ የት እንደነበሩ ማወቅ ያስቸግራል።

ሁለተኛውን ካልሲ የሚያከብደው የመጀመሪያው ስንት ዙር እንደነበረ አለመጻፍ ነው። ላስቲኩ ስንት ዙር፣ ከላስቲኩ እስከ ተረከዝ ስንት፣ ቅነሳው ካለቀ በኋላ እስከ ጣት ስንት፤ ሦስቱን ቁጥር ወረቀት ላይ ያስፍሩ። ክሩንም ከመጀመርዎ በፊት በሚዛን ለሁለት ይክፈሉት። ሁለተኛውን የመጀመሪያው በተዘጋበት ቀን 44ቱን ዓይን ጭነው ላስቲኩን ያስጀምሩት፤ እጅዎ ገና በዚያው ጥብቀት ላይ ነው፣ ካልሲዎቹም መጠናቸው ሳይለያይ ይወጣሉ።